የብርሃን ሕክምና ዋጋና የነርሷ ወገብ

ታላቅ እህቴ በነርስነት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች፤ ከእነዚህም ስምንቱን ወገቧን እያመማት። ባለፈው ዓመት አንድ የግል ክሊኒክ «የሌዘር ብርሃን ሕክምና» አሥራ ሁለት ጊዜ እንድትወስድ መከራት። ጠቅላላ ክፍያው ከወር ደመወዟ ይበልጣል። «አንተ የተማርከው ስለ ብርሃን አይደል? ልክፈል ወይስ ልተወው?» ስትል ጠየቀችኝ። ሕክምናውን ለሐኪሞች ትቼ ሂሳቡን ግን አብረን ሠራን።

ለዚህ ሕክምና የሚውለው ጨረር ቀይና ታህተ ቀይ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ በአብዛኛው ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር ነው። የ100 ሚሊዋት ሌዘር አንድን ቦታ ለአንድ ደቂቃ ቢያበራ የሚሰጠው ኢነርጂ 6 ጁል ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ (200 ግራም) በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ እንኳ 840 ጁል ገደማ ይፈጃል! 100 ዋት የሚወስድ የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳም በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ቢበራ በወር ቆጣሪው ላይ የሚያስመዘግበው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ራሱ ርካሽ ነው፤ ዋጋው የመሣሪያው፣ የባለሙያው ሰዓትና የቤት ኪራዩ ነው። ለተስፋም የሚከፈል አይጠፋም።

በብርሃን ማከም ከንቱ ሐሳብ አይደለም። ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ1960ዎቹ መጨረሻም የቡዳፔስቱ ሐኪም እንድሬ ሜስተር ሌዘር ያረፈባቸው አይጦች የተላጨ ጠጉራቸው ፈጥኖ ሲያድግ አስተዋለ። ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሰው መላምት ብርሃኑን በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይቀበለዋል የሚል ነው።

ችግሩ ጥልቀት ላይ ነው። ቆዳ ገጽ ላይ ይገኛል፤ የወገብ አከርካሪ መገጣጠሚያዎች ግን ከቆዳው በርካታ ሴንቲሜትር ይርቃሉ። ለስሌት ያህል ብርሃኑ በየ5 ሚሊሜትሩ ከነበረው ወደ 37 በመቶ ይቀንሳል እንበል። 3 ሴንቲሜትር ላይ ከ1000 ፎቶኖች የሚተርፉት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። የመሣሪያውን ኃይል እጥፍ ብናደርገው ያው የብርሃን መጠን የሚደርስበት ጥልቀት በ3.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይጨምራል። ዋጋው እጥፍ የሆነ መሣሪያ ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ። (ታህተ ቀይ ጨረር ለዓይን ስለማይታይ ሳናውቀው ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ መከላከያ መነጽር ለታካሚም ለአካሚም ያስፈልጋል።)

ጥናቶቹስ? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሰባት ጥናቶችን መርምሮ ሕክምናውን ለመደገፍም ለመንቀፍም በቂ ማስረጃ አላገኘም። በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ጠቀሰው፤ የማስረጃውን ጥራት ግን ዝቅተኛ ሲል መድቦታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ ይገኛል፤ እርሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እህቴ ክሊኒኩን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ጁል ታሳርፋላችሁ? «መመሪያው ላይ ተጽፏል» አሏት። መመሪያው ግን ሊገኝ አልቻለም፤ እርሷም አልከፈለችም።

አሜሪካዊው የሥራ ደኅንነት ተመራማሪ ቶማስ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ነርሶች ሕመምተኛን በእጃቸው ሲያነሱ ሸክማቸው ከ16 ኪሎግራም እንዳይበልጥ መክረው ነበር። እህቴ በምትሠራበት ክፍል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዛወረው ሁለት ነርሶች አንሶላውን ጨብጠው እያነሱት ነው። ከበሽተኛው ሥር የሚነጠፍ የሚያንሸራትት ጨርቅ ሰበቃን ስለሚቀንስ ማንሳቱን ወደ መጎተት ይለውጠዋል። የዚያን ጨርቅ ዋጋ አጠያይቄ እንድነግራት አዝዛኛለች።