ድራይቨር ሲነሳና ሲጠፋ፦ የጓደኛን ኮድ ስንገመግም ምን እንይ?

በዲፓርትመንታችን የፕሮጀክት ኮድ ሲገመገም ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ሶኬቱ ይሰካል፣ ማሳያው ላይ ጽሑፍ ይመጣል፣ አለቀ። እኔ ግን ለድራይቨር ኮድ ይህ ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። መጠየቅ ያለበት «ኮዱ ሥራ ሲጀምር ሃርድዌሩ በምን ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ያስባል? እንደዚያ ባይሆንስ?» የሚለው ነው። ለምሳሌነት የምወስደው ሁላችንም ከላብ የምናውቀውን ባለ 16 በ2 ኤልሲዲ ነው፤ የሚቆጣጠረው የሂታቺ ኤችዲ44780 ወይም ከእሱ ጋር የሚስማማ ቺፕ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ቡድን ኮድ እንዳይ ተሰጥቶኝ ነበር። መሣሪያው የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት ያሳያል፤ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት አለበት። ጠረጴዛ ላይ እንከን አልነበረውም። መብራት ድርግም ብሎ ወዲያው ሲመለስ ግን ማሳያው የማይነበብ ምልክት ይጽፋል። መብራት መሄድና መምጣቱ ብርቅ ባልሆነበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ክትባቱ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን የሚወስነው እዚያች ማሳያ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው 4 የዳታ ገመድ ብቻ ስለሚጠቀም እያንዳንዱ ትዕዛዝ ለሁለት ተከፍሎ በግማሽ በግማሽ ይላካል። ቺፑ ግን ራሱን ሪሴት አድርጎ ሲነሳ በ8 ቢት ላይ ነው። ቡድኑ «2» የሚለውን አንድ ጊዜ ልኮ ወደ 4 ቢት ያሸጋግረዋል። ዳታሺቱ እንደሚለው የቺፑ የውስጥ ሪሴት በትክክል የሚሠራው ቮልቴጁ ከ0.1 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ 4.5 ቮልት ከወጣ፣ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 1 ሚሊ ሰከንድ ጠፍቶ ከቆየ ነው። ትልቅ ካፓሲተር ያለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ፣ ዜሮ ሳይነካ ይመለሳል። ማይክሮኮንትሮለሩ ሪሴት ያደርጋል፤ ኤልሲዲው አሁንም በ4 ቢት ላይ ነው። ያቺ ብቸኛ «2» የግማሽ ትዕዛዝ ትሆናለች፣ ከዚያ በኋላ የሚላከው ሁሉ በግማሽ ይዛነፋል።

መድኃኒቱ ዳታሺቱ ላይ አለ፦ «3»ን ሦስት ጊዜ መላክ፣ ከዚያ «2»። ብዙዎቻችን ይህን ከኢንተርኔት እንዳለ እንገለብጠዋለን እንጂ ለምን ሦስት እንደሆነ አንጠይቅም። ቺፑ በ8 ቢት ላይ ከሆነ እያንዳንዱ «3» «በ8 ቢት ሁን» የሚል ሙሉ ትዕዛዝ ነው፤ ምንም አይለወጥም። በ4 ቢት ሆኖ አዲስ ትዕዛዝ የሚጠብቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጣምረው ያንኑ ትዕዛዝ ይሰጣሉ፣ ሦስተኛው ይደግመዋል። ክፉው ሦስተኛው ሁኔታ ነው። ቺፑ ግማሽ ትዕዛዝ ተቀብሎ ሌላውን ግማሽ እየጠበቀ ሳለ ማይክሮኮንትሮለሩ ሪሴት ካደረገ፣ የመጀመሪያው «3» የድሮውን ትዕዛዝ ይዘጋል፤ ወደ 8 ቢት የሚመልሱት ቀሪዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ቢላክ ይህኛው ሁኔታ አይሸፈንም። ከመጀመሪያው «3» በኋላ ከ4.1 ሚሊ ሰከንድ በላይ መጠበቁም እንደሚመስለኝ ከዚሁ ይያያዛል፤ የድሮው ትዕዛዝ 1.52 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጀው «ወደ መነሻ ተመለስ» ሊሆን ይችላላ።

ጊዜ አቆጣጠሩም ላይ ዓይን መጣል ያስፈልጋል። «ከ15 ሚሊ ሰከንድ በላይ ጠብቅ» የሚለው የሚቆጠረው ቮልቴጁ 4.5 ከደረሰ ጀምሮ እንጂ ኮዱ ከጀመረ አይደለም። የቡድኑ ኤትሜጋ328ፒ ብራውን አውት ዲቴክተሩ 2.7 ቮልት ላይ ስለነበር ኤልሲዲው ገና ሳይነቃ ቆጠራ ሊጀምር ይችላል። ወደ 4.3 ከፍ አድርገው ትንሽ ጊዜ እንዲጨምሩ ነገርኳቸው። ደግሞ ኮዱ ሰዓቱ 1 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ ሲያሰላ ቺፑ በ8 የሚሮጥ ከሆነ 15ቷ ከ2 ሚሊ ሰከንድ በታች ትሆናለች። በባዶ ሉፕ የተሠራ ማዘግያማ ኮምፓይለሩ ጭራሽ ሊሰርዘው ይችላል።

ስለ ማጥፋት ደግሞ ማንም አያነሳም። ቡድኑ ባትሪ ለመቆጠብ የኤልሲዲውን ኃይል በትራንዚስተር ይቆርጣል፤ የዳታ ፒኖቹ ግን 5 ቮልት ላይ እንዳሉ ናቸው። ዳታሺቱ የፒን ቮልቴጅ ከቺፑ ኃይል በ0.3 ቮልት በላይ እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃል። ከበለጠ ኃይል በፒኑ መከላከያ በኩል ሾልኮ ገብቶ ቺፑን በግማሽ ነፍስ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ጠፋ ያልነው አልጠፋም። መጀመሪያ ፒኖቹን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ኃይሉን መቁረጥ፤ ሲበራ ደግሞ ኃይሉ ይቅደም፣ ፒኖቹ ይከተሉ።

ሊኑክስ ላይ የካሜራ ሴንሰር ድራይቨር የሚያይ ሰውም ያንኑ ቅደም ተከተል ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ኃይል ይሰጣል፣ ሰዓት ይቀጥላል፣ ሪሴት ይለቀቃል፣ በመጨረሻ በአይቱሲ ይነጋገራሉ። እኔ በመጀመሪያ የማየው መሃል ላይ ሲከሽፍ የሚኬድበትን መንገድ ነው። ሰዓቱ እምቢ ካለ ቀድሞ የበራው ኃይል በተገላቢጦሽ ይጠፋል ወይ? ልምድ ያላቸውም የሚስቱት ቦታ ነው። «ፒኤም ረንታይም ጌት ሲንክ» የተባለው ፋንክሽን መሣሪያውን ማንቃት ባይሳካለትም የተጠቃሚ ቆጣሪውን ይጨምራል። ድራይቨሩ መልሶ ካልቀነሰው መሣሪያው ከዚያ በኋላ ኃይል ለመቆጠብ አይተኛም። በዚህ የተነሳ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲከሽፍ ቆጣሪውን ራሱ የሚመልስ ሌላ ፋንክሽን ከርነሉ ላይ ተጨመረ።