ትኬት ሥራ አይደለም

ዘነበወርቅ አካባቢ የምትኖር አንዲት ጥልፍ ሠሪ ባለፈው ዓመት አውሮፓ ውስጥ የስድስት ሳምንት ረዚደንሲ (እዚያ ቆይቶ የመሥራት ዕድል) አሸነፈች። የእሷንም የጋባዦቿንም ስም አልጠራም። ሥራዋ የማንንም ምስክርነት የሚሻ አይደለም፤ የእኔ ድርሻ በጀቱን ማስተካከልና ፕሮፖዛሉን ማሳጠር ብቻ ነበር። ቪዛ ተከለከለች። ምክንያቱ ያው የምናውቀው ነው፤ ጊዜሽ ሲያበቃ ስለመመለስሽ እንጠራጠራለን የሚል፣ ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ መስመር። እስከዚህ ድረስ አርቲስቶችን በማመልከቻ በማገዝ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች አዲስ ነገር የለውም።

እስካሁን የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ጋባዦቹ ጻፉላት፦ ገንዘቡ የአንቺ ነው፣ እዚያው አዲስ አበባ ሆነሽ ሥሪበት፣ አብራሽ ልትሠራ የነበረችውን አርቲስት እኛ ወደ አንቺ እንልካታለን አሏት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አዘውትሮ አይመጣም። ደስ ብሎኝ ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ «አይዞሽ፣ ላንቺ ያላለው ነው፣ ሌላ ይመጣል» ይላታል። እናቷ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም እንጂ የለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። እሷ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ የእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ አቡጀዲ አለ፤ ግማሹ በጥቁርና በቡናማ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ተሠርቷል፣ በቀረው ላይ የእርሳስ ንድፍ ብቻ ይታያል፣ መርፌው እንደተሰካ ነው። «ጋሼ፣ እዚሁ ከሆነማ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ገንዘቡን መለሰችው።

እሷን አልወቅስም። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ያስተማራት ይህንኑ ነው። ከኮልፌ ቀራኒዮ አርቲስቶች ጋር ስሠራ የሚያታክተኝ የገንዘብ እጥረት ወይም የእንግሊዝኛ ችግር ሆኖ አያውቅም። የሚያታክተኝ፣ የባህል ልውውጥ ድጋፍ ማለት ውጭ ሀገር መሄጃ ነው የሚለው እምነት ነው። ሰዓሊው ያምነዋል፤ ቤተሰቡ ያምነዋል፤ የወረዳው ሠራተኛ ያምነዋል። የባሰው ደግሞ ገንዘብ ሰጪዎቹም ከፊል ያምኑታል።

የሚመጣልኝን በጀት ፋይሉን ሳልከፍት ልነግራችሁ እችላለሁ። የመጀመሪያው መስመር ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ነው። ሁለተኛው ቪዛ፣ ሦስተኛው የጉዞ ኢንሹራንስ፣ አራተኛው ውሎ አበል። ከታች፣ ሊረሳ ሲል ትዝ ያለ ይመስል፣ «ማቴሪያል» የሚል ይገኛል። የአርቲስቱ የራሱ ክፍያ የለም። የመለማመጃ ቦታ ኪራይ የለም። ከመሄዱ በፊት ያለው የዝግጅት ወር የለም፤ ከተመለሰ በኋላ ያለው ወር ጭራሽ አልታሰበም። ለምን ለጉልበትህ አልጻፍክም ስለው «ስግብግብ እንዳልመስል ብዬ ነው» ይለኛል። የሚገመግሙት ሰዎች ደግሞ ያንን ባዶ መስመር አይተው ትሕትና ነው አይሉም፤ ይህ ሰው ሥራውን በዋጋ አስቦት አያውቅም ነው የሚሉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ ይህ ባዶ መስመር የበለጠ ይጎዳል። በዩሮ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ በብር ሲመነዘር ቤቴል ወይም አየር ጤና አንድ የሥራ ክፍል ለወራት ሊያከራይ ይችላል፤ በዚያው ገንዘብ የተገዛ ትኬት ግን አንድ ቀን በረራ ነው። ይህን ሒሳብ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ ሳሳያቸው ይስቃሉ። «ክፍል ለመከራየት ነው እንዴ የተወዳደርኩት?»

ሁልጊዜ የሚመጣብኝ መከራከሪያ «ታላላቆቹ ሁሉ ወጥተው ነው ታላቅ የሆኑት» የሚል ነው። እስቲ እንየው። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ደርሶ ነው ወደ ሥዕል የዞረው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና እዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ። እስክንድር ቦጎሲያን ከለንደንና ከፓሪስ በኋላ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ለሦስት ዓመታት ያህል አስተማረ። ሰው የሚያስታውሰው መሄዳቸውን ነው። ሲመለሱ የሚገቡበት በር፣ የሚቆሙበት ክፍል፣ የሚጠብቃቸው ተማሪ እንደነበረ የሚያነሳልኝ የለም። የእነ ገብረ ክርስቶስን ትውልድ የቀየረው ያ ክፍል ነው። እስክንድርና ገብረ ክርስቶስ በመጨረሻ አሜሪካ መቅረታቸውን የሚያነሱልኝም አሉ፤ እውነት ነው፣ ሁለቱም እዚያው አረፉ። እኔ ግን የምለው እዚህ የሠሯቸውን ዓመታት ነው። ሀገሪቱ የምትበላው ዛሬም ከእነዚያ ዓመታት ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው ጨርሶ የማያስበው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወጥተው ዓለም ያያቸው ሥራዎች የአንዳንዶቹ መነሻ እዚህ የመጣ ሰው ነው። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ። ከዚያ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። ልጆቹ ለዓመታት የሠለጠኑት እዚህ፣ በዚህችው ከተማ ነው። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ ድጋፍ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ፤ ኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የሚባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። ጉዞው የመጣው ከሥራው ኋላ ነው። የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድም በመጀመሪያ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ራሱ ነው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው፤ ጌታቸው መኩሪያን የጋበዘው በኋላ ነው፤ አብረው የሠሩት «ሞአ አንበሳ» በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጌታቸው እዚያ ሲደርስ በሳክስፎኑ ፉከራና ሽለላ የሚጫወት ዕድሜ ጠገብ ባለሙያ ነበር። ሊማር የሄደ አልነበረም።

ይህን ስናገር «እዚህ ማን ይመጣል?» ይሉኛል። ወደ ኮልፌ የመጣ ሰው እንዳለ ለማስታወስ ያህል፦ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ለስድስት ወር ሥልጠና እዚሁ ኮልፌ መጥቶ ነበር፤ ስምንት ሳምንት ያህል እንደቆየ ድርጅቱ ጠርቶት ተመለሰ። ወታደራዊ ሥልጠና ነው፣ ኪነ ጥበብ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር ፍለጋ ወደ ኮልፌ ሊመጣ እንደሚችል ለማሳየት ይህ ይበቃል። ዘነበወርቅ አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ከአለርት ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ያሳደጉት የጥልፍ ሙያ አለ፤ ጣቱ የደነዘዘ እጅ መርፌ እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቁ ሴቶች ዛሬም አሉ። መንዙማ አለ። ይህን ሊያይ፣ ሊማር፣ አብሮ ሊሠራ የሚመጣ የውጭ አርቲስት ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው የሚያርፍበት ክፍልና ከሰዓት በኋላ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ነው። የእነዚህ ወጪ ደግሞ የትኬቱን ያህል እንኳ አይደርስም። የውጭ ባህል ማዕከላት ደጃፍ ሁሉ ከእኛ ማዶ ነው፤ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ፣ ብዙም ሠርተዋል። ከአየር ጤና ተነስቶ፣ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይሮ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ወደ ቪዛው ልመለስ፤ ይህ እምነት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚያ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ማየት የሚፈጀውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳደገ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አቆመ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት እዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ አልተባበረም የሚል ነው፤ ጥልፍ ሠሪዋ በዚህ ውስጥ ምን እንዳገባት አትጠይቁኝ። በዚያው ዓመት ክፍያውም ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ኅብረቱ ራሱ የተቀበለው የ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ የባህል ብዝኃነት ስምምነት አንቀጽ 16 ያደጉ ሀገራት ለታዳጊ ሀገራት አርቲስቶች ልዩ አስተያየት እንዲያደርጉ ያዛል። አንቀጹን የቪዛ መስኮት ላይ ጠቅሶ የተሳካለት ሰው ግን አላየሁም።

እንግዲህ ሥራችሁ ሁሉ በአንድ ማኅተም ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማኅተሙ ሲቀር ሥራውም ይቀራል። ይህ በቂ በሆነ ነበር፤ ግን ከዚያም በላይ ነው። ዕቅዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚያልቅ ፋይል ለቆንስሉ ምን ይነግረዋል? ይህ ሰው እዚህ የሚመለስበት ነገር የለውም ነው የሚለው። በራሳችን እጅ ጽፈን እንሰጠዋለን። ከተመለሰች በኋላ ለምትከፍተው ኤግዚቢሽን የተፈረመ ስምምነት፣ የሥራ ክፍል ኪራይ ውል፣ በወጣት ማዕከሉ የምታስተምርበት ፕሮግራም፣ ሁለተኛዋ አርቲስት ወደዚህ የምትመጣበት ወር፤ እነዚህ ፋይሉ ውስጥ ሲገቡ ወረቀቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ቪዛ ያስገኛሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ እንደዚያ ያለ ቃል የሚገባ ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት። ቪዛው ቢቀር እንኳ ሥራው ሳይሞት ይተርፋል።

ገንዘብ ሰጪዎቹንም ዝም ብዬ አላልፍም። አንዳንዱ የጉዞ ድጋፍ የሚከፈለው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ደረሰኝ አምጣና እንተካልሃለን ነው። የኮልፌ ሙዚቀኛ በዩሮ የሚታሰብ ትኬት ከየት አምጥቶ አስቀድሞ ይገዛል? ዕቁብ ያወጣል፣ ከአጎት ይበደራል፣ ከዚያ በኋላ ጉዞው የቤተሰብ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ባይሄድ ኀፍረት ነው፤ ሄዶ ባዶ እጁን ቢመለስም ኀፍረት ነው። የሪፖርታቸው ቅጽ ደግሞ ስንት ከተማ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደተገናኘ ይጠይቃል። ከስድስት ወር በኋላ ያ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ደውሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ተንቀሳቃሽነት የሚሉት ነገር ከደቡብ ወደ ሰሜን ብቻ ሲሆን ልውውጥ መባሉ ይገርመኛል፤ ግን ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ የምንለውጠው በማመልከቻችን ውስጥ ያለውን ነው።

የወረዳ ሠራተኞችም እንደዚሁ ናቸው። ወጣት አርቲስት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ «ለሀገር ገጽታ ግንባታ» ብለው ይጽፉለታል፣ ማኅተም ይመቱለታል፣ መልካም ጉዞ ይሉታል። የውጭ አርቲስት እዚህ ሊያስተናግድ የወጣት ማዕከሉን አዳራሽ ለሁለት ሳምንት ሲጠይቅ ግን ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። አዳራሹ እኮ ብዙ ቀን ባዶ ነው።

አሁን አዲስ የማመልከቻ ወቅት እየመጣ ነው፤ ስልኬም መጮህ ጀምሯል። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ለየትኛው ሀገር ነው?» የሚል ነው። በአብዛኞቹ ቅጾች መጨረሻ አካባቢ፣ ሥራው በምትኖሩበት አካባቢ እንዴት ይቀጥላል የሚል ጥያቄ አለ። ወደ እኔ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ «ልምዴን ለሌሎች አካፍላለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚገኝበት። እባካችሁ፣ ዘንድሮ ቅጹን ከዚያ ጥያቄ ጀምሩት። ክፍሉን፣ ሰዉን፣ ወሩን፣ ዋጋውን ጻፉበት። ፓስፖርቱ ይደርሳል።