ገንዘብ ሰጥቶ ቤት የመቀመጥ ንግድ

«ብር አምጡ፤ ሱቁን በታወቀው ስማችን ከፍተን እኛው እናሠራዋለን፤ እናንተ ትርፍ ትቀበላላችሁ» የሚል ፍራንቻይዝ ሲቀርብልን ምን እንጠይቅ?

ገንዘብን በሌላ ሰው ጉልበት ማሠራት ነውር የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘብ ወደ ሻም ነግደዋል። ዑለማዎች ይህን ዓይነቱን ውል ሙዳረባ ይሉታል። ትርፉ በድርሻ ይከፈላል፤ ኪሳራው ግን ሠሪው ካላጠፋ በባለገንዘቡ ላይ ነው። እንግዲያው «በየወሩ ቁርጥ 10,000 ብር እንሰጣችኋለን፤ ዋናውም አይነካም» ከተባልን ነገሩ ንግድ መሆኑ ቀርቶ ወለድ ያለበት ብድር ሆኗል።

ሁለተኛ፣ የስሙ ክፍያ የሚታሰበው ከሽያጭ ነው ወይስ ከትርፍ? በወር 300,000 ብር ተሽጦ ወጪው 290,000 ቢሆን ትርፉ 10,000 ነው። ከሽያጩ 6 በመቶ ሲከፈል 18,000 ይወጣል፤ 8,000 ብር ከሰርን ማለት ነው። ባለስሙ ግን ድርሻውን ወስዷል።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ባንሠራም ሒሳቡን የማየት መብታችን በውሉ ይስፈር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የዱቤ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። «ወንድሜ ነው፣ አምነዋለሁ» ብለን ጽሑፉን አንተው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን።