የጠመቃ ጥበብ በትንሽ ቤት እንዴት እንደ ዳነ

ጥበብ በብዙ ሰው እጅ ተከፋፍሎ ሲኖር አንዱ ቢያርፍ ሌላው ይዞት ይቀጥላል። በጥቂቶች እጅ ተጠቃሎ የገባ እንደ ሆነ ግን፣ ባለቤቶቹ ከትርፍ በቀር ሌላ ማየት በተዉ ቀን ጥበቡ ይመነምናል። ይህ በሽመናም በሸክላም ሥራ የታየ ነገር ነው። ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው ግን ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር በሚቈጥረው በቢራ ጠመቃ ላይ ነው። ዛሬ በውጭ አገር «ክራፍት ቢራ» እየተባለ የሚጠራው፣ በትንሽ ቤት በጠማቂው እጅና ዓይን የሚዘጋጀው ቢራ፣ እንዴት ሊጠፋ ተቃርቦ እንደ ነበረና እንዴት እንደ ዳነ መመርመር ስለ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥበብ አጠባበቅም ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ፣ ኢትዮጵያን ከሚመለከተው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር በ1873 ከ4,000 የሚበልጡ የቢራ መጥመቂያዎች ነበሩ። ከተማው ሁሉ ከአውሮፓ ፈልሰው በመጡ ጠማቂዎች እጅ የተሠራውን የየራሱን ቢራ ይጠጣ ነበር። በኋላ የባቡር ሐዲድና ማቀዝቀዣ ስለ ተስፋፋ አንዱ ፋብሪካ የሩቁን ከተማ ገበያ ለመያዝ ቻለ። በ1920 ደግሞ አስካሪ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1933 ድረስ 13 ዓመት ጸና። ሕጉ በተሻረ ጊዜ ተመልሰው ለመቆም የቻሉት ብዙ ገንዘብ ያላቸው ብቻ ሆኑ። እነርሱም እርስ በርሳቸው እየተዋዋጡ ስለ ሄዱ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት መጥመቂያዎች መቶ እንኳ የማይሞሉ ሆኑ። የሚያወጡትም ቢራ በአብዛኛው ከገብስ ብቅል ጋራ ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት፣ መልኩ የነጣ፣ ምሬቱ የቀነሰ ነበር። አንዱን ከሌላው ለመለየት ከጣዕሙ ይልቅ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ያስፈልግ ነበር።

በዚህ መካከል በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ከ1896 ጀምሮ «አንከር» በሚል ስም የሚጠራ አንድ ትንሽ መጥመቂያ ነበረ። በ1965 ሊዘጋ ተቃርቦ ሳለ ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት፣ ቢራውን ይወድ ነበርና፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ድርሻ ገዛ። ስለ ጠመቃ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢራውም ብዙ ጊዜ ይኰመጥጥ ነበር። እርሱ ግን ዕቃውን እያጸዳ፣ እርሾውን በማጉያ መነጽር እየመረመረ፣ የቀደሙትን መጻሕፍት እያነበበ ሥራውን ከሥሩ ተማረ። ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ በትውልድ አገሩ በእንግሊዝ እንኳ ተረስቶ ሳለ፣ ሜይታግ በ1970ዎቹ እንደ ገና ጠመቀው። በ1975ም በአሜሪካ የበቀለው ሆፕስ መዓዛው ጐልቶ የሚታይበትን ሌላ ቢራ አወጣ። ሆፕስ፣ በጠላ ጌሾ እንደሚያደርገው፣ ለቢራ ምሬትን የሚሰጥና ከመበላሸት የሚጠብቅ የሐረግ አበባ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። በዚያ አገር ልማድ ቢራ እርሾው ሳይወጣለት በበርሜል ወደ መሸጫው ቤት ይገባል፤ እዚያው እየበሰለ ይቆይና በእጅ መሳቢያ ይቀዳል። ይህ የባለቤቱን እንክብካቤ የሚፈልግ ነው። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ግን ድካም የማያስፈልገውን፣ የተጣራውንና ጋዝ የተጨመረበትን ቢራ በየቤቱ አስገቡ። በ1971 አራት ወጣቶች ይህን በመቃወም «ካምራ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የተነሣው ቢራ ለመጥመቅ ሳይሆን ለመመስከር ነው። ቢራውን በመልካም የሚይዙትን ቤቶች እየመረመረ በየዓመቱ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1977ም ታላቁን የብሪታንያ የቢራ በዓል በለንደን፣ በአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት አዳራሽ አደረገ።

በዚሁ ዓመት ማይክል ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ፣ ከታወቀው ዘፋኝ ጋራ ስም ብቻ የሚጋራው፣ የዓለምን ቢራዎች በየአገራቸውና በየወገናቸው ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ወይን ጠጅ እንጂ ስለ ቢራ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የሚጽፍ እምብዛም አልነበረም። ስም የሌለው ነገር ቢጠፋ ፈላጊ የለውም፤ ስሙና ጠባዩ የተጻፈ ግን ቢጠፋም ይፈለጋል። ስለዚህ የጸሐፊው ብዕር ከጠማቂው ማማሰያ ያላነሰ ሥራ ሠራ።

በአሜሪካ ሌላ መሰናክል ነበረ። ክልከላው ከተሻረ በኋላ ሰው በቤቱ ለራሱ ወይን ጠጅ እንዲያዘጋጅ ሲፈቀድለት፣ ቢራ ግን ከፈቃዱ ውጭ ቀርቶ ነበር። ጠላ በየቤቱ ሲጠመቅ ለኖረበት ለኢትዮጵያ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ግን፣ ሁለት ጐልማሶች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት 750 ሊትር ያህል፣ ቀረጥ ሳይከፍል ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደ። መሸጥ ግን አልተፈቀደም። ዛሬ ስማቸው ከታወቁት ጠማቂዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት በማድቤታቸው ምድጃ ላይ ነው። በዚህም መንግሥት አንድን ጥበብ ለመርዳት ሁልጊዜ ገንዘብ ማውጣት እንደማያስፈልገው፣ አንዳንድ ጊዜ የተዘጋውን በር መክፈት እንደሚበቃው ይታያል።

በ1982 ደግሞ፣ ሆፕስ በብዛት በሚበቅልበት በዋሽንግተን ክፍለ አገር በያኪማ ከተማ፣ በርት ግራንት የተባለ ጠማቂ ቢራውን ጠምቆ እዚያው የሚሸጥበትን ቤት ከፈተ። ከክልከላው ዘመን ወዲህ በአሜሪካ እንዲህ ላለ ቤት መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የተከካው ብቅል 65 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ የእህሉም ዱቄት ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ጣፋጩ ውሃ ተጣርቶ ከሆፕስ ጋራ ይፈላል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ እርሾ ይገባበታል። ኤል የሚባለው ወገን ሞቅ ባለ ስፍራ ቶሎ ይደርሳል፤ ላገር የሚባለው ግን በቀዝቃዛ ስፍራ ብዙ ሳምንት ይቆያል። ጋኖቹ ከጠጪዎቹ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በመስተዋት ብቻ ነው። ጠማቂው ቢራው ባማረ ቀን የሚያመሰግኑትን፣ በተበላሸም ቀን የሚወቅሱትን ሰዎች ፊት ለፊት ያያል። የሩቅ ፋብሪካ ይህን ዓይነት ተቈጣጣሪ በደመወዝ ሊቀጥር አይችልም።

በዚያው በ1982 ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለው የቤት ጠማቂዎች መምህር ታላቁን የአሜሪካ የቢራ በዓል በቦልደር ከተማ ጀመረ። የተሰበሰቡት ሃያ ያህል መጥመቂያዎችና ስምንት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። በዓሉ በኋላ ወደ ዴንቨር ተዛውሮ እጅግ ሰፋ። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የዳኝነቱ ሥርዓት ነው። ጽዋው በዳኞቹ ፊት ሲቀርብ የጠማቂው ስም አይነገርም፤ ባለጠጋ ይሁን ድኻ፣ የታወቀ ይሁን ያልታወቀ፣ የሚፈረደው በጽዋው ውስጥ ባለው ነገር ብቻ ነው። ለወርቅ ሜዳይ የሚበቃ ካልተገኘም ወርቁ ሳይሰጥ ይቀራል። ለአዳራሹ እንግዳም ቢሆን የሚቀዳለት በጣም ጥቂት ነው፤ የመጣው ለመለየት እንጂ ለመስከር አይደለምና።

በዚህ መንገድ የመጥመቂያዎቹ ቍጥር እያደገ ሄዶ በ2015 የ1873ን ቍጥር አለፈ፤ ከዚያም ወዲያ ከ9,000 በላይ ሆነ። ነገር ግን ክብር ገበያን፣ ገበያም ገዢን ይጠራል። በ1988 በቺካጎ የተጀመረው «ጉስ አይላንድ» በ2011 ለታላቁ ኩባንያ ለአንሃይዘር ቡሽ ተሸጠ። ሜይታግም አንከርን በ2010 ለሌሎች አስተላለፈ፤ በ2017 ሳፖሮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ገዛው፤ በ2023 ግን ተዘጋ። በ2024 ሐምዲ ኡሉካያ የተባለው፣ ከቱርክ አገር ወደ አሜሪካ ሄዶ በእርጎ ንግድ የከበረው ሰው ገዛው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከተከፈቱት ትንንሽ መጥመቂያዎች የተዘጉት በዙ። አንድ ጊዜ የዳነ ጥበብ ለዘለዓለም የዳነ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

ለዚህ አደጋ የመነኰሳት ልማድ አንድ መልስ ይሰጣል። ትራፒስት የሚባሉት የካቶሊክ መነኰሳት ማኅበራቸውን በ1997 ሲያቋቁሙ ሦስት ነገር ወሰኑ፤ ቢራው በገዳሙ ቅጥር እንዲጠመቅ፣ መነኰሳት እንዲቈጣጠሩት፣ ትርፉም ለገዳሙ ኑሮና ለምጽዋት እንዲውል። በቤልጅግ አገር በቬስትቭሌተረን የሚገኙት የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም መነኰሳት በ2005 ቢራቸው ከዓለም አንደኛ ተብሎ ሲመረጥ፣ መኪናዎች በገዳሙ በር በረጅሙ ተሰለፉ። እነርሱ ግን የሚጠምቁት ለመኖር ስለ ሆነ ልካቸውን ለመጨመር እንቢ አሉ። እንዲሁም ሆኖ ልክን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ተተኪም ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹ መነኰሳት የአኸልን ገዳም በለቀቁ ጊዜ፣ በ2021፣ የዚያ ገዳም ቢራ የማኅበሩን ማኅተም አጣ። ጋኑም ውሃውም ብቅሉም እንደ ነበረ ነበር፤ የጐደለው ሰው ነው።

ይህ ነገር ወደ ኢትዮጵያ ያመለክታል። በአዲስ አበባ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተነሥተዋል፤ የጠርሙስ ቢራም ቀድሞ ጠላ ብቻ ይቀዳበት ወደ ነበረው ወደ ሠርግና ወደ ማኅበር ቤት ገብቷል። ፋብሪካ ለገበሬው ገብስ ገበያ፣ ለሠራተኛውም እንጀራ ስለሚሰጥ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን፣ ጌሾውን መጠንሰስ፣ አሻሮውን ቈልቶ ድፍድፉን በልኩ መደፍደፍ፣ ብቅሉ በየትኛው ቀን እንደሚገባ መለየት፣ ይህ ሁሉ በእናቶች እጅና አፍንጫ የሚኖር ዕውቀት ነው። የአንዱ አውራጃ አጠማመቅ ከሌላው ይለያል፤ የሚበዛው ግን በወረቀት አልሰፈረም። ሜይታግ የቀደሙት የጻፉት መጻሕፍት ስለ ነበሩት የሚያነበው አገኘ። ጠላ ጠማቂ እናት ሳትጠየቅ ያለፈች እንደ ሆነ ግን የልጅ ልጇ የሚያነበው ምን ይኖረዋል?

እንግዲህ የሚፈለገው ሰው መጠጥ እንዲያበዛ አይደለም፤ መጠን ያለፈ መጠጥ ቤትን እንደሚያፈርስ ሁሉ ያውቀዋል። የሚፈለገው የእርሻና የባህል ሹማምንት፣ መምህራንም፣ በየአውራጃው ያሉትን ባለሙያ እናቶች ጠይቀው፣ የእህሉን ዓይነት፣ የጌሾውን መጠን፣ የቀኑን ቍጥር በጥንቃቄ እንዲጽፉ ነው። ካህናትም በየደብሩ ማኅበርና ዝክር የሚደግሱትን ምእመናን ስለሚያውቁ፣ ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙትን ሰዎች ለማመልከት ከማንም ይልቅ ይችላሉ። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ብራናውን ለመገልበጥ እንደሚተጋው ጸሐፊ ያለ ትዕግሥት ነው። በውጭ አገር ይህ ሥራ የተጀመረው ብዙው ከጠፋ በኋላ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን የሚያውቁት እናቶች ገና በሕይወት አሉ።