ድራሙ ለተጫዋቹ ወይስ ተጫዋቹ ለድራሙ?

ከበሮ በማንገቻ ስለሚንጠለጠል መቺው በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። በዘመናዊ የሙዚቃ ባንድ የምናየው ድራም ግን በየማቆሚያው የተተከለ የመሣሪያዎች ስብስብ ነው፤ ተጫዋቹ በአንድ ቦታ ተቀምጦ በሁለት እጆቹና በሁለት እግሮቹ ሁሉንም መድረስ አለበት። እንግዲህ መሣሪያዎቹ የት ይቀመጡ? መልሱን ከፊዚክስና ከሰውነት አሠራር አንጻር እንመልከት።

ድራም መጫወት ቀላል ሥራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የቺችስተርና የግሎስተርሽር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የብሎንዲ ባንድ ድራም ተጫዋች በነበረው በክሌም በርክ ላይ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነው ጥናት፣ በመድረክ ላይ የልብ ምቱ በደቂቃ በአማካይ ከ140 እስከ 150 እንደሚደርስ፣ አልፎ አልፎም እስከ 190 እንደሚያሻቅብ ታይቷል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተሳሳተ አቀማመጥ በየቀኑ ሲደጋገም የእጅ አንጓ ጅማትንና ወገብን ሊጎዳ ይችላል።

መነሻው መቀመጫው ነው

ከሁሉ አስቀድሞ የሚስተካከለው የመቀመጫው ከፍታ ነው። ጭን ከዳሌ ወደ ጉልበት በጥቂቱ ቢያዘቀዝቅ ይመረጣል። መቀመጫው በጣም ዝቅ ካለ ወገብ ይጎብጣል፤ እግርን ለማንሳትም የዳሌ ጡንቻዎች ከመጠን በላይ ይደክማሉ። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ እግሮች ፔዳሎቹ ላይ ተረጋግተው ማረፍ ይሳናቸዋል። ቀጥሎ ሁለቱን እግሮች ያለ ጭንቀት እናሳርፍና ፔዳሎቹን እግሮቹ ባረፉበት ቦታ እናስቀምጣለን። ስኔር ድራሙ በሁለቱ ጭኖች መካከል፣ ጠርዙም መምቻ የያዘው እጅ ጭንን እንዳይነካ ከጭን ጥቂት ከፍ ብሎ ይተከላል።

የክንድ ክብደት ሲሰላ

የአንድ ሰው ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት የሰውነቱን ክብደት 5 በመቶ ያህል ይመዝናል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክንዱ 3 ኪሎ ግራም፣ በኃይል ሲለካም ወደ 30 ኒውተን ይሆናል። ይህን ክንድ ወደ ፊት ቢዘረጋው የክብደቱ ማዕከል ከትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ የትከሻ ጡንቻዎች 9 ኒውተን ሜትር የሚሆን ቶርክ መሸከም ይኖርባቸዋል። ክርኑን ከጎኑ አድርጎ ከክርን በታች ያለውን ብቻ ቢዘረጋ ግን ሸክሙ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው፣ ዘወትር የሚመታው ራይድ ሲምባል ክርን ከጎን ሳይርቅ በሚደረስበት ስፍራ መሆን እንዳለበት ነው። አልፎ አልፎ የሚመታው ክራሽ ሲምባል ራቅ ቢል ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ቶሞቹም ወደ ተጫዋቹ በመጠኑ ብቻ ያዘንብሉ፤ ከመጠን በላይ ካዘነበሉ አንጓው ይጣመማል፣ የመምቻው ጫፍም ቆዳውን እየወጋ ያሰረጉደዋል።

አንድ ድራም ለብዙዎች

በትምህርት ቤቶችና በባንዶች መለማመጃ ክፍሎች አንዱን ድራም ቁመታቸው የሚለያይ በርካታ ተጫዋቾች ይጋሩታል። ብዙዎችም ከፊታቸው የነበረው ሰው በተወው አቀማመጥ ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ፤ ሕመሙ የሚመጣው ውሎ አድሮ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከስር ምንጣፍ ተነጥፎ የየማቆሚያው እግር የሚያርፍበት ቦታና የመቀመጫው ከፍታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት ቢደረግ፣ ሁሉም በተራው ድራሙን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለቁመናው ማስተካከል ይችላል።