ድኝ በጎማ ዕቃ ውስጥ ያለው ሥራ

ሁለት የጎማ ቱቦዎች በመልክ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ፣ አንደኛው በሞቀ ሞተር አጠገብ ብዙ ጊዜ ሲያገለግል ሌላው ፈጥኖ ይበላሻል። ገዢው ይህን ሲያይ ጎማው የረከሰ ነው ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ምክንያቱ ጎማው ሳይሆን ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ዘዴ ሊሆን ይችላል።

ጥሬ ጎማ ሲሞቅ ይለጠፋል፤ ሲበርድ ይደነድናል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ይህን ጉድለት እንደሚያስወግድ አገኘ። ጎማ የረዣዥም ሰንሰለቶች ክምችት ስለ ሆነ፣ ድኙ በመካከላቸው ድልድይ እየሆነ ያስተሳስራቸዋል።

በመጀመሪያ የድኙ መጠን ይወስናል። በ100 ኪሎ ጎማ ላይ 2 ወይም 3 ኪሎ ድኝ ቢጨመር የሚለጠጥ ላስቲክ ይሆናል። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ቢጨመር ግን እንደ ቀንድ የጠነከረ ኤቦናይት ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር አፋጣኝ የሚባለው ቅመም ነው። በጥንቱ ዘዴ 8 ኪሎ ድኝ የገባበት 100 ኪሎ ጎማ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ሰዓት ያህል መሞቅ ነበረበት። በ1906 ዓ.ም. ጆርጅ ኦንስላገር አኒሊን ሥራውን እንደሚያፋጥን ካገኘ ወዲህ ግን፣ ከእርሱ የተሻሉ አፋጣኞች እየተከተሉ ጊዜው ወደ ደቂቃዎች ወርዷል።

ድኙ በዝቶ አፋጣኙ ያነሰ እንደ ሆነ፣ ድልድዩ ከብዙ የድኝ አቶሞች የተቀጠለ ረጅም ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕቃ መተጣጠፍንና መቀደድን ይቋቋማል፤ ሙቀት ግን ድልድዩን ይፈታዋል። ድኙ አንሶ አፋጣኙ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ድልድዩ አጭር ይሆናል፤ ሙቀትንና እርጅናን ይችላል፤ ዘወትር መተጣጠፍን ግን እንደ ፊተኛው አይችልም።

ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ መጠንና ዋጋ ብቻ መጻፍ አይበቃውም። ዕቃው በሙቀት ላይ የሚውል ወይም ዘወትር የሚተጣጠፍ መሆኑን ገልጾ፣ በሙቀት የተፈተነበትን የምርመራ ወረቀት ከፋብሪካው ይጠይቅ።

ባለሱቁም በጎማ ዕቃ ላይ ነጭ ብናኝ ቢያይ ሻጋታ ነው ብሎ አይጣለው፤ ሳይዋሐድ የቀረ ድኝ ወደ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የጎማ ዕቃ ከፀሐይና ከሙቀት ይራቅ፤ ድኝ ብርን ስለሚያጠቁር ከብር ጌጥ ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥ።