«ድምፅ ትሰማለህ?»፦ ኦቲዝምና ሳይኮሲስ ሲደራረቡ

የአእምሮ ሐኪም «ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ትሰማለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ኦቲዝም ያለበት ወጣት «አዎ» ሊል ይችላል። ሌሎች ልብ የማይሉት የኒዮን መብራት ጥዝታ እሱን ያሰቃየዋልና እውነቱን ነው። ሐኪሙ «ምን ዓይነት ድምፅ?» ብሎ ካልቀጠለ ግን ወጣቱ የሌለበት ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመላቀቅ ሕመም ተጽፎለት፣ የማያስፈልገውን መድኃኒት ሲወስድ ሊኖር ይችላል።

መምታታቱ ሥር የሰደደ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ኦቲዝምን የገለጸው ሳይኮሲስ የሚታይበት ሕመም የሆነው የስኪዞፍሬንያ አንድ ምልክት አድርጎ ነበር። ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ሁኔታቸው ራሱን የቻለ መሆኑን ቢያሳይም፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የ1968 መመሪያ ኦቲዝምን ከልጅነት ስኪዞፍሬንያ ጋር ደመረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ እነ እስራኤል ኮልቪንና ማይክል ረተር ልዩነቱን አጎሉት፦ ኦቲዝም ገና በጨቅላነት ይታያል፤ ስኪዞፍሬንያ ግን በአብዛኛው ከጉርምስና በኋላ ይጀምራል። የ1980ው መመሪያም ለያቸው።

ይሁንና መለያየታቸው አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት እንደሚችል ማስረሳት የለበትም። እንዲያውም ሳይኮሲስ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት ይታያል። ችግሩ ምልክቶቹ መመሳሰላቸው ነው። ዝምታ፣ የማይለዋወጥ ፊት፣ ከሰው መራቅ በሁለቱም አሉ። «ሰዎች ይስቁብኛል» የሚል ሰው የሚነግረን የሌለ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎቹ በእርግጥ ተስቆባቸዋል። ስለዚህም የ2013ቱ መመሪያ ኦቲዝም ባለበት ሰው ላይ ስኪዞፍሬንያ ለማለት፣ ከሌሎቹ ምልክቶች በተጨማሪ ጎልቶ የሚታይ የሐሰት እምነት ወይም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ቢያንስ ለአንድ ወር እንዲቆይ ይጠይቃል።

ወሳኙ ጥያቄ «ምን አዲስ ነገር መጣ?» የሚለው ነው። ድሮም ስለ ባቡር ሌት ተቀን የሚያወራ ልጅ ያው የቀድሞው ልጅ ነው። ባቡሩን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ «ሹፌሮቹ ሊገድሉኝ ነው» ማለት ሲጀምር ግን ሌላ ነገር መጥቷል። ጨርሶ ዝም ብሎ እንደ ደረቀ መቆም የካታቶኒያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። «ኦቲዝሙ ነው» ብሎ ማለፍም የሌለ ሕመም እንደ መጻፍ ሁሉ ሰው ይጎዳል።

በአገራችን ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከሰው ይደብቅ ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ሲታመሙ የቀድሞ ጠባያቸውን የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ይመዝግብ። ሐኪምም ታማሚውን ባልተድበሰበሰ ቃል ይጠይቅ፤ መድኃኒት ከማዘዙ በፊትም እናቱን ይስማ።